ካርቶንና ፕላስቲክን ጨምቆ በቦንዳ ማሰር ለንግድ ድርጅት በእርግጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የመጋዘን ኃላፊ

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች። በቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ የሸቀጣ ሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ድርጅቱ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ዘይትና የታሸጉ ምግቦችን ከአምራቾችና ከአስመጪዎች ተረክቦ ለሱቆችና ለሱፐርማርኬቶች የሚያከፋፍል ሲሆን፣ ከዚሁ ጎን የራሱ መሸጫ መደብሮችም አሉት። በየዕለቱ ከምንፈታው ዕቃ የሚወጣው ካርቶን፣ ከፓሌት (ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ የሚገፈፈው ላስቲክና ከሠራተኞች ክበብ የሚሰበሰበው የሃይላንድ ፕላስቲክ የመጋዘኑን የጀርባ ግቢ ሞልቶት፣ ጭነት የሚያራግፉ መኪኖች መዞሪያ እስከ ማጣት ደርሰዋል። እስካሁን ካርቶኑን የሚወስዱልን ቆራሌዎች ናቸው፤ ሚዛን የለም፣ ዋጋው በዓይን ግምት ይቆረጣል፣ ዝናብ የመታውን ደግሞ ትተውልን ይሄዳሉ።

ሰሞኑን አንድ ማሽን አስመጪ ቀርቦን ካርቶንና ፕላስቲክ እየጨመቀ በቦንዳ የሚያስር የሃይድሮሊክ ፕሬስ ብንገዛ የቆሻሻ ማስወገጃ ወጪያችን በግማሽ እንደሚቀንስና ማሽኑም በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋውን እንደሚመልስ አስረድቶናል። ሥራ አስኪያጃችን ሐሳቡን ወደውታል፤ ነገር ግን የጥናቱን ጽሑፍ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ የታዘዝኩት እኔ በመሆኔ፣ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ወገኖች ጥቅሙ በትክክል ከየት እንደሚመጣ፣ በምን ያህል መጠን ላይ ማዋጣት እንደሚጀምርና ሻጩ ያልነገረን ነገር ካለ እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ ፕሬስ ቤት

እኔ ከድርጅቶች ካርቶንና ፕላስቲክ ሰብስቤ በመጨመቅ ለፋብሪካ የማቀርብ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረው ከጥቅሜ የጸዳ እንዳልሆነ አስቀድመው ይወቁልኝ።

ሻጩ ስለ ቆሻሻ ክፍያ የነገራችሁ ሌላ አገር የሚሠራ ሒሳብ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ መደብር ቆሻሻ የሚያስነሣው በገንዳ ምልልስ ወይም በክብደት እየከፈለ በመሆኑ፣ ካርቶኑ ከገንዳው በወጣ ማግስት ወጪው ሲቀንስ ያየዋል። በአዲስ አበባ ግን ለረጅም ጊዜ የቆየው አሠራር የጽዳት አገልግሎት ክፍያን ከውሃ ሒሳብ ጋር አያይዞ ማስከፈል ነው፤ የውሃ ቆጣሪው ደግሞ ስለ ካርቶናችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። በምልልስ የምትከፍሉት የግል ቆሻሻ አንሺ ድርጅት ካላችሁ ቁጠባው ሊታሰብ ይችላል፤ ከሌላችሁ ግን ያንን ረድፍ ከጥናቱ ላይ ሰርዙት።

እውነተኛው ጥቅም ያለው በመጓጓዣው ላይ ነው። ያልተዘረጋ ባዶ ካርቶን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ቢመዝን ነው፤ የቀረው አየር ነው። በእጅ ተዘርግቶ በሥርዓት ሲደረደር 80 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ በደህና ፕሬስ ተጨምቆ ሲታሰር ግን ከ300 እስከ 400 ኪሎ ይሆናል። አሁን የጭነት ቦታው 16 ሜትር ኩብ የሆነ፣ 40 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አለ እንበል። ያልተዘረጋውን ካርቶን እስከ ጣራው ቢሞሉበት 5 ኩንታል እንኳ ሳይሞላ ይነሣል፤ የተዘረጋውን ቢጭኑበት 13 ኩንታል ያህል ይይዛል፤ ቦንዳ ቢጭኑበት ግን ቦታው ሳይሞላ የክብደት ልኩ ቀድሞ ይሞላል። የመኪናው ኪራይና ነዳጅ በሦስቱም ጊዜ ተቀራራቢ ነው። በአንድ ምልልስ 5 ኩንታል ያደርስ የነበረው መኪና 40 ኩንታል ሲያደርስ፣ በኪሎ የሚታሰበው የማጓጓዣ ወጪ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ከቆራሌው እስከ ፋብሪካው ድረስ ካርቶናችሁን የሚቀባበሉት ሰዎች ትርፋቸውን የሚያገኙት በአብዛኛው ይህንኑ አየር በማውጣት ነው። እናንተ ራሳችሁ ካወጣችሁት ከፋብሪካ ጋር ፊት ለፊት ለመደራደር የሚያበቃ ዕቃ በእጃችሁ ይኖራል።

ሁለተኛው ጥቅም የግቢያችሁ ቦታ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦንዳ 3 ኩንታል ተኩል ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ያህል ካርቶን ሳይዘረጋ ለማስቀመጥ 11 ሜትር ኩብ ወይም ከዚያ በላይ ቦታ ያስፈልጋል፤ ይህም አንዲትን አነስተኛ ክፍል ከወለል እስከ ጣራ መሙላት ማለት ነው። በቃሊቲ የመጋዘን ኪራይ በካሬ ስንት እንደሆነ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ በዚያ ዋጋ ቆሻሻ እያስቀመጣችሁ መሆኑን በጥናቱ ላይ በብር ተምኑት።

ስለ መጠኑ የኔን ግምት ከጠየቁኝ፣ በሳምንት 3 ኩንታል ካርቶን የማያወጣ ድርጅት ፕሬስ ገዝቶ ባያስቀምጥ ይሻለዋል። ከ3 እስከ 10 ኩንታል የሚያወጣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን ቦንዳ የምታስር አነስተኛ ማሽን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ ነው ትልቁ ማሽን የሚታሰበው። እናንተ ስንት እንደምታወጡ በሚዛን አይታችኋል?

መልስ 2፦ የፋብሪካ ግዥ

በወረቀት ፋብሪካ ውስጥ የጥሬ ዕቃ ግዥ ላይ የምሠራ ሰው እንደመሆኔ፣ ቦንዳው ፋብሪካ በር ላይ ሲደርስ ምን እንደሚደረግበት ላስረዳ፤ ምክንያቱም ጨምቆ ማሰር በራሱ ዋጋ አይጨምርም፤ ዋጋ የሚጨምረው የተጨመቀው ነገር ምን እንደሆነ ሲታመን ነው።

መኪናው ከነጭነቱ ይመዘናል። ከዚያ ተቆጣጣሪው ከመካከል የተወሰኑ ቦንዳዎችን መርጦ ባለ መርፌ የእርጥበት መለኪያውን በየጎኑ ያስገባል፤ ጥርጣሬ ካደረበት ማሰሪያውን አስቆርጦ ቦንዳውን ያስበትነዋል። በዚህ ጊዜ ከውስጥ ድንጋይ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ፣ አልፎ አልፎም የተቆረጠ የመኪና ጎማ ሲወጣ አይተናል። ውሃ እየረጩ ክብደት መጨመርም የተለመደ ነው፤ ከላይ ደረቅ መስሎ ከውስጥ ላብ ያዘለውን ቦንዳ መርፌው ወዲያው ያጋልጠዋል። በዓለም አቀፍ የወረቀት ንግድ ደረጃዎች ለካርቶን የሚፈቀደው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ባለው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ከክብደቱ ላይ ይቀነሳል፣ በጣም ካለፈም ጭነቱ ይመለሳል። ስለዚህ በክረምት ቦንዳውን በፓሌት ላይ አንሥቶ በጣራ ሥር ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ሸራ ብቻውን አይበቃም፤ እርጥበቱ ከመሬት ይሳባልና።

እኛ ከአከፋፋይ ድርጅት በቀጥታ የሚመጣ ቦንዳ ስናገኝ የምንደሰተው ካርቶኑ መንገድ ላይ ያልዋለ፣ ምግብ ያልነካውና አንድ ወጥ በመሆኑ ነው። ስቴፕልና ፕላስተር ብዙ አያስጨንቁንም፤ በማሟሚያው ገንዳ ውስጥ ተለይተው ይቀራሉ። የሚያስጨንቁን ዘይት የፈሰሰበት ካርቶን፣ ሰም የተቀባ ካርቶን፣ እንዲሁም በውስጡ ፕላስቲክና አሉሚኒየም የተለጠፈበት የጭማቂና የወተት ማሸጊያ ናቸው። እናንተ ዘይት የምታከፋፍሉ በመሆናችሁ ይህን ልብ በሉት፤ አንድ የፈነዳ ጀሪካን ያጠጣው ካርቶን ከንጹሑ ጋር ከታሰረ የሙሉውን ቦንዳ ደረጃ ያወርዳል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2018 ከውጭ በምታስገባው ያገለገለ ወረቀት ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ በወሰነች ጊዜ፣ ለዓመታት ያለ ጥንቃቄ አስረው ሲልኩ የነበሩ የትልልቅ አገሮች ነጋዴዎች ገበያ አጥተው ዕቃቸው በየመጋዘኑ ተከምሮ ቀርቷል። እኛ የዚያን ያህል ጥብቅ አይደለንም፤ ሆኖም ሦስትና አራት ጊዜ ንጹሕ ዕቃ ያመጣ አቅራቢ ቦንዳው ሳይበተን እንደሚራገፍለትና ወረፋም እንደሚቀድም አልደብቅም።

በየቦንዳው ላይ የተመዘነበትን ቀንና ክብደት በእርሳስ ጽፎ መለጠፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ክርክር ሲነሣ ግን የሚያድነው እርሱ ነው።

መልስ 3፦ ሒሳብ ሹም

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ማሽኑን አሁኑኑ እንዲገዙ አልመክርም፤ ምክንያቴም ሁለት ነው።

በብዙ ድርጅቶች ካርቶኑ በወረቀት ላይ የድርጅቱ ቢሆንም በተግባር የጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ነው። ቆራሌው ሲመጣ ገንዘቡን የሚቀበሉት እነርሱ ናቸው፤ በደመወዛቸው ላይ የምትጨመር የወር አስቤዛ መደጎሚያ ናት። አሠሪውም ያውቃል፣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ማሽኑ በገባ ቀን ይህ ገቢ በአንድ ሌሊት ወደ ድርጅቱ ካዝና ይዞራል። ያን ጊዜ ካርቶኑን የሚለዩት፣ ከዝናብ የሚያነሡትና የሚጨምቁት እነዚያው ሰዎች መሆናቸውን አስቡ። ቅር ያለው ሠራተኛ የሚያስረው ቦንዳ ምን እንደሚመስል የፋብሪካው ወንድማችን ነግሮናል። ስለዚህ ከሽያጩ የተወሰነ እጅ በክብደት እየታሰበ ለሠራተኞቹ እንዲከፈል ከመጀመሪያው በጽሑፍ መወሰን አለበት። ይህ በጥናቱ ውስጥ እንደ ወጪ መግባት ያለበት ነገር እንጂ በኋላ በልመና የሚታይ አይደለም። ለዓመታት ደጃችሁን ያገለገሉትን ቆራሌዎችም ቢሆን ሥራውን ያውቁታልና ከመካከላቸው ሠራተኛ ብትመለምሉ አይቆጫችሁም።

ሁለተኛው የደረሰኝ ጉዳይ ነው። በዓይን ግምት የሚሸጥ ካርቶን በሒሳብ መዝገብ ላይ የለም። በቦንዳ ተመዝኖ ለፋብሪካ ሲሸጥ ግን ድርጅቱ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ገቢው በሌሎች ገቢዎች ሥር ይመዘገባል፣ ግብሩም ይከተላል። በርግጥ ይህ በራሱ አንድ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ከየመደብሩ የሚወጣው የካርቶን ክብደት ከተረከብነው ዕቃ ጋር ሲነጻጸር የት ምን እንደጎደለ ማየት ይቻላል። ነገር ግን ሻጩ ያሳየው ትርፍ ግብር ያልተቀነሰበት መሆኑን እገምታለሁ። በጥናቱ ላይ የማሽኑ የእርጅና ቅናሽ፣ የማሰሪያ ሽቦው፣ የሃይድሮሊክ ዘይቱና የሠራተኛው ሰዓት በየረድፋቸው ይግቡ። መብራቱ እንኳ ቀላል ነው፤ ባለ 4 ኪሎ ዋት ሞተር በቀን በድምሩ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚፈጀው።

ለሁለት ወር ያህል ካርቶኑን በእጅ እየዘረጋችሁ፣ እየመዘናችሁ፣ በገመድ እያሰራችሁ ሽጡ። ቁጥሩ ያን ጊዜ ራሱ ይናገራል።

የጠያቂው ምላሽ፦ የመጋዘን ኃላፊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሒሳብ ሹሙን ምክር ተቀብዬ ሥራ አስኪያጁን በማስፈቀድ ከመጋዘኑና ከመደብሮቹ የሚወጣውን ካርቶን ለጥቂት ሳምንታት በዱቄት ሚዛን ስመዝን ሰንብቻለሁ። ዕቃ ብዙ በሚገባበት ሳምንት ከ9 ኩንታል በላይ፣ ዕቃ በሚያንስበት ሳምንት 6 ኩንታል ገደማ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በእጅ መዘርጋቱ ብቻ ግቢውን ከግማሽ በላይ አስለቅቆታል፤ ይህን ያለ ምንም ወጪ ቀድመን ልናደርገው እንችል ነበር። ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹም በክብደት እንደሚታሰብላቸው ከተነገራቸው ወዲህ እርጥቡን ከደረቁ መለየት ጀምረዋል።

አሁን ወደ አነስተኛዋ ማሽን አዘንብለናል። የቀሩኝ ጥያቄዎች የፕላስቲክ ጠርሙሱንና የፓሌት ላስቲኩን በዚያችው ማሽን መጨመቅ ይቻል እንደሆነ፣ እንዲሁም ስለ አደጋ ጥንቃቄ ናቸው። በፕሬስ ላይ የሠራ ሰው አለ?

መልስ 4፦ ከቨርጂኒያ

እኔ በአሜሪካ በአንድ የምግብ ሸቀጦች መደብር ጓዳ ውስጥ ይህንኑ ማሽን ለረጅም ጊዜ ሠርቼበታለሁ፤ እዚህ እንደኔ ከአገር ቤት የመጣ ብዙ ሰው የጀመረበት ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ትልቅ መደብር ጀርባ አንድ ከላይ ወደ ታች የሚጫን ፕሬስ አለ። ዕቃ ደርዳሪው ባዶ ያደረገው ካርቶን ሁሉ ወደ ማሽኑ ይጣላል፣ ማሽኑ ሲሞላ ይታሰራል፣ ዕቃ ያመጣው መኪና ባዶውን ከመመለስ ቦንዳውን ጭኖ ወደ ማከፋፈያ ማዕከሉ ይመለሳል። እናንተም መኪኖቻችሁ ለመደብሮቹ ዕቃ አድርሰው ባዶ የሚመለሱ ከሆነ፣ የመደብሮቹን ካርቶን ተዘርግቶ በዚያው እንዲመጣ በማድረግ ማሽኑን መጋዘኑ ላይ ብቻ ልትተክሉ ትችላላችሁ።

ስለ ጥንቃቄው አጥብቄ መናገር የምፈልገው አለ። ይህ ማሽን ከ10 እስከ 20 ቶን በሚደርስ ኃይል የሚጫን ነው፤ የእጅና የካርቶን ልዩነት አያውቅም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ የካርቶን ፕሬስ እንዳያንቀሳቅስ የሚከለክለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩ ክፍት ሳለ ፕሬሱ እንዳይወርድ የሚያግደው መቆለፊያ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ፤ ከገዛችሁም በኋላ ሥራ ለማፋጠን ሲባል ያንን መቆለፊያ በሽቦ አስሮ ዝም የሚያሰኝ ሰው በየቦታው አይጠፋምና ተጠንቀቁ። ካርቶን ሲወተፍ በእግር ለመርገጥ ወደ ውስጥ መግባት ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ ኃይሉ ከዋናው ማብሪያ ተቋርጦ ካልተቆለፈ ማንም እጁን አይሰድም። የቦንዳ ሽቦ ሲቆረጥ እንደ አለንጋ ይገርፋል፤ ቆራጩ ወደ ጎን ቆሞ፣ የዓይን መከላከያና ወፍራም ጓንት አድርጎ ይቁረጥ። ከማሽኑ ተንከባሎ የሚወጣው ቦንዳ ፊት ደግሞ ማንም አይቁም።

የሚረጭ ሽቶና የበረሮ መድኃኒት ቆርቆሮ ካርቶን ውስጥ ተረስቶ ሲጨመቅ ይፈነዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርቶን ባዶ መሆኑ መታየት አለበት፤ ይህ ልማድ ሌላም ነገር ያጋልጣል። በባዶ ካርቶን ስም ያልተከፈተ ዕቃ በጓሮ በር ማውጣት በመደብር ሥራ ውስጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ካርቶን ሁሉ ተዘርግቶ በአንድ ሰው እጅ አልፎ ወደ ማሽን በሚገባበት ቤት ያ በር ይዘጋል። የኛ ኃላፊ ለማሽኑ የነበረው ፍቅር ከካርቶኑ ሽያጭ ይልቅ ከዚህ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 5፦ ፕሬስ ቤት

በሳምንት ከ6 እስከ 9 ኩንታል ገደማ ከሆነ አነስተኛዋ ማሽን ትበቃችኋለች፤ ውሳኔያችሁ ትክክል ነው።

ስለ ፕላስቲኩ፣ በዚያችው ማሽን መጨመቅ ይቻላል፤ ግን በየተራ እንጂ ተደባልቆ አይሆንም። የፓሌት ላስቲክ ቀላል ነው፤ ነጩን ከባለ ቀለሙ ለዩት፣ የተለጠፈበትን የወረቀት ምልክት በምላጭ ቆርጣችሁ አውጡ፣ አቧራ ሳይነካው ወደ ጆንያ ይግባ። የውሃ ጠርሙስ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ክዳኑ እንደተጠመጠመ ከገባ አየሩ መውጫ ስለማያገኝ ፕሬሱ ሲነሣ ጠርሙሱ ተመልሶ ያብጣል፣ ቦንዳውም ይላላል። ክዳኑ ተፈትቶ ለብቻው መሰብሰብ አለበት፤ ክዳኑና ጠርሙሱ የተሠሩበት ፕላስቲክም የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ነው የሚሸጡት። በካርቶን ማሽን ላይ ጠርሙስ ሲታሰር ማሰሪያውን ከወትሮው ማብዛት ያስፈልጋል። ደግሞም የእናንተ ጠርሙስ ከክበብ የሚወጣ ብቻ ከሆነ አንድ ቦንዳ ለመሙላት ብዙ ትጠብቃላችሁ፤ በጆንያ አጠራቅሞ ለሰብሳቢ መሸጡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከሻጩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። ማሽኗ በነጠላ ፌዝ ትሠራለች ወይስ ባለ ሦስት ፌዝ ትፈልጋለች? ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነችና መጋዘኑ መስመሩ ከሌለው የማስገቢያው ወጪና የሚጠበቀው ጊዜ በዋጋው ላይ ይደመር። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ልታሠሯት ካሰባችሁ፣ ሞተር ሲነሣ የሚስበው ኃይል ሲሠራ ከሚፈልገው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ የጄኔሬተሩን አቅም በኤሌክትሪክ ባለሙያ አስለኩ። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ጎሚኒና ቱቦው እዚህ ገበያ ላይ የሚገኝ መጠን መሆኑን አረጋግጡ፤ በአንዲት ጎሚኒ ምክንያት ወራት የቆመ ማሽን አውቃለሁ። ማሰሪያው ሽቦ ነው ወይስ የፕላስቲክ ክር? ከማንም ሱቅ የሚገዛ ነው ወይስ ከሻጩ ብቻ? በመጨረሻም የራሳችሁን ካርቶን አንድ አይሱዙ ሙሉ ይዛችሁ ሻጩ ዘንድ ሂዱና በፊታችሁ ጨምቆ አስሮ፣ ቦንዳውን መዝኖ ያሳያችሁ። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው 100 ኪሎ በእናንተ ካርቶን ስንት እንደሚሆን ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ፤ ክፍያውንም ከዚያ በኋላ ፈጽሙ።